አስታማሚን ዘብ አታድርጉት፦ ለሆስፒታላችን የሥራ አመራር ቦርድ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለሆስፒታሉ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት
ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለሚመለከተው የጤና መምሪያ፣ በወሎ ለምትገኙ የጤና ባለሙያዎች እና ለሕዝቡ

ጉዳዩ፦ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ወይም አስበው ወደ ድንገተኛ ክፍል ስለሚመጡ ሕሙማን ምርመራና ጥበቃ

ክቡራንና ክቡራት፣

ከአስተዳደሩ በቅርቡ የደረሰን የውስጥ መመሪያ አራት ነገሮችን ይዟል። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በድንገተኛ ክፍል የነበረን የሌሊት ተራ ተነሥቷል፤ ከእንግዲህ የምንጠራው በሥራ ሰዓት ብቻ ነው። ከነርሶች ጠረጴዛ ፊት ለፊት የነበረችው የማቆያ ክፍል ለሒሳብ ሠራተኞች ተሰጥታለች። ራሱን ለመጉዳት የሞከረ ሰው ሌሊቱን መቆየት የሚችለው «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ብሎ የሚፈርምለት አስታማሚ ካለው ብቻ ነው። በመጨረሻም ተረኛው ሐኪም በነጥብ መስጫ ቅጽ ሕመምተኛውን መዝኖ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘውን ወደ ቤቱ እንዲያሰናብት ታዝዟል።

መመሪያው ሲዘጋጅ በአእምሮ ሕክምና ክፍልም ሆነ በድንገተኛ ክፍል ከምንሠራው መካከል የተጠየቀ ሰው የለም። ከወጣ በኋላ ቅሬታችንን በቃልም በጽሑፍም አቅርበናል። መልስ ስላላገኘን በአደባባይ ለመጻፍ ተገደናል።

ብዙ ነገር ብናነሣም የደብዳቤው ማጠንጠኛ አንድ ነው። ራሱን ሊያጠፋ የደረሰን ሰው መመርመርና መጠበቅ የሆስፒታሉ ሥራ ነው፤ ይህን ሥራ በአንድ ወረቀት ለቤተሰብ ማስረከብ አይቻልም።

ከዚህ በታች የምናነሣቸው ሰዎች እንዳይታወቁ የመጡበትን አካባቢ፣ ዕድሜያቸውንና ሌሎች መለያዎችን ለውጠናል። ራሳቸውን እንዴት እንደጎዱም አንጽፍም፤ ማንንም አይጠቅምም። የተፈጸመባቸው ነገር ግን እንደተፈጸመ ነው።

በመጀመሪያ የኃላፊነት ፎርሙን እናንሣ፤ ከሁሉም ይልቅ እንቅልፍ የነሣን እርሱ ነውና።

ከደጋው ወገን የመጣ አንድ አባወራ ነበር። ሰብሉን በረዶ መትቶበታል፤ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት። አብሮት የመጣው የ14 ዓመት ልጁ ብቻ ነው፤ እናቲቱ ታናናሾቹን ይዛ ቤት ቀርታለች። ሕክምናው በጥሩ ሁኔታ ተሰጠ፤ የሰውየው ትንፋሽና የልብ ምቱ ተስተካከለ። እኩለ ሌሊት ላይ ፎርሙ ለልጁ ቀረበለት። ልጁ ማንበብ ይችላል። «ሕመምተኛው በራሱ ላይ ለሚያደርሰው ማንኛውም ጉዳት ሙሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ» የሚለውን አነበበና ፈረመ። ካልፈረመ አባቱን ይዞ በዚያ ጨለማ ወዴት ሊሄድ ነው? ሊነጋጋ ሲል አባትየው ከአልጋው ጠፋ። ልጁ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ስለዋለ ተቀምጦ በቆየበት እንቅልፍ ጥሎት ነበር። ሰውየውን ከግቢው ውጪ ያገኙት ለሱብሒ ሶላት ወደ መስጊድ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። በሕይወት ስላገኙት ፈጣሪ ይመስገን። ልጁ ግን እስከ ረፋድ «እኔ ተኝቼ ነው፣ እኔ ተኝቼ ነው» እያለ ሲያለቅስ ነበር። አባትየው ሞቶ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ይህን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ይኖር ነበር። ያሸከመውም የእኛ ሆስፒታል ወረቀት ነው።

ፎርሙ ሆስፒታሉን ከክስ ያድናል መባሉን ሰምተናል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የፈረመው ወረቀት በየትኛው ፍርድ ቤት ነው የሚቆመው? የፈረመው አዋቂ ቢሆንስ? የአስታማሚ ሥራ ሾርባ ማምጣት፣ መድኃኒት መግዛት፣ አይዞህ ማለት፣ እጅ ይዞ መቀመጥ ነው። የአደጋን ምልክት መለየት፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይን ሳይነቅሉ መጠበቅ፣ ሕመምተኛው ሲነሣ ምን ማድረግ እንደሚገባ ማወቅ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። በተራ የሚደረግ፣ በመዝገብ የሚፈረምበት፣ አንዱ ሲደክም ሌላው የሚተካበት ሥራ ነው።

ሌላም አለ። አንዲት ሴት መጣች፤ አስታማሚ ሆኖ የፈረመው ባሏ ነው። ከአጠገቧ አልተለየም፤ ለሚቀርብላት ጥያቄ ሁሉ የሚመልሰው እርሱ ነው። በሁለተኛው ቀን ከእኛ አንዷ ባልየውን መድኃኒት እንዲገዛ ልካው ሴቲቱን ለብቻዋ ስታነጋግራት፣ ወደዚያ ያደረሳት የባሏ ዱላ መሆኑን ተናገረች። ጥበቃውን በፊርማ ያስረከብነው ለእርሱ ነበር። መመሪያው እንዲህ ያለውን ሁኔታ አላሰበውም፤ ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ሰው ተጠይቆ ቢሆን ግን በመጀመሪያው ቀን ይነግራችሁ ነበር።

ወደ ምርመራው እንለፍ። በልየታ ጠረጴዛ ላይ፣ ማን ቀድሞ መታየት እንዳለበት በሚለይበት ቦታ፣ የሚሞላው ወረቀት ትንፋሽን፣ የልብ ምትን፣ የደም ግፊትን፣ ሙቀትን ይጠይቃል። የሕመምተኛው አስቸኳይነት ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ የሚባለው በእነዚህ ነው። «ለመሞት ፈልገህ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ግን ከወረቀቱ ላይ የለም። ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት ወጣት በአክስቷ ታጅባ በመጣች ጊዜ ካርዷ ላይ የሰፈረው «በስሕተት የጠጣች» የሚል ነው። እንዲህ ያሉት አክስቷ ናቸው፤ ፈርተው ነው፤ በሰፈር ስሟ እንዳይጠፋ፣ ነገ ትዳር እንዳታጣ አስበው ነው። እኛም የተባለውን ጻፍን። ሆዷ ታጥቦ፣ ግሉኮስ ተሰጥቷት፣ በማግስቱ ወጣች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሳ መጣች፤ ከመጀመሪያውም በባሰ ሁኔታ። በሁለተኛው ጊዜ አንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ አጠገቧ ቁጭ ብላ «አብሽሪ እህቴ፣ ምን አገኘሽ?» ስትላት ብቻ ነው የሠራችበት ደመወዝ እንደተከለከለች፣ ለጉዞዋ የተበደረችው ገንዘብ ቤተሰቧ ላይ እንደተቆለለ፣ የደረሰባትንም ሁሉ የተናገረችው። ልጅቱ ለመናገር ዝግጁ ነበረች። በመጀመሪያው ሌሊት የጠየቃት ግን የለም።

ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን ያነሣሣል የሚል ፍርሃት በባልደረቦቻችንም ዘንድ አለ። ይህ ስሕተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውና በአገራችን የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሲሠለጥኑበት የቆየው የአእምሮ ጤና መመሪያ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር፣ ይልቁንም ጭንቀትን እንደሚያቀልና ሰውየው የተረዳው ሰው እንዳገኘ እንዲሰማው እንደሚያደርግ በግልጽ ያስቀምጣል። በአሜሪካ በ8 ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍሎች በተደረገ ጥናት፣ ለመጣው አዋቂ ሁሉ አጭር ጥያቄ ማቅረብ ሲጀመር አደጋ ያለባቸው ሆነው የተለዩት ሕሙማን ከ100 ወደ 3 ገደማ ከነበሩበት ወደ 6 ገደማ ከፍ ብለዋል። ልዩነቱ ቀድሞም የነበሩ፣ ሳይጠየቁ የሚያልፉ ሰዎች ናቸው። በጭንቅላት ሕመም፣ በሆድ ቁርጠት፣ በመኪና አደጋ ስም መጥተው የሚመለሱ ናቸው።

ከመመሪያው ጋር ስለተያያዘው የነጥብ ቅጽ ዝም ማለት አንችልም። እንዲህ ያሉ ነጥቦች ማን ራሱን እንደሚያጠፋ፣ ማን እንደማያጠፋ ለይተው መናገር አይችሉም። የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፣ የመመዘኛ ቅጾችን ተጠቅሞ የወደፊቱን መተንበይም ሆነ ማን ሕክምና እንደሚያገኝና ማን እንደሚሰናበት መወሰን አይገባም ብሏል። በእኛ ቤት ደግሞ የባሰ ነገር አለ። ከሚመጡልን አብዛኞቹ በመርዝ የተጎዱ ናቸው፤ ለብዙዎቹ የሚሰጠው አትሮፒን የተባለው የመርዝ ማርከሻ ነው። አትሮፒን በብዛት የተሰጠው ሰው ሊቃዥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ አልጋ ላይ ሊንቆራጠጥ ይችላል። በዚያ ሁኔታ ያለን ሰው «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶዎታል?» ብሎ ጠይቆ ነጥብ መስጠት ምን ይባላል? በአንድ ሌሊት ተረኛ የነበረ ወጣት ሐኪም ቅጹን ይዞ እንዲህ ካለ ሰው ፊት ቆሞ ግራ ሲጋባ አይተናል። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ መመሪያው በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲሞላ ያዝዘዋል።

ጠዋት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሰውየው ሰውነቱ ታጥቦ፣ ቤተሰቡ ከብቦት፣ «ደህና ነኝ፤ ሁለተኛ አይለምደኝም፤ ወደ ቤቴ ልሂድ» ይላል። አንዳንዱ ከልቡ ነው። አንዳንዱ ግን የተረጋጋው ውሳኔው ስላልተለወጠ ነው። ሁለቱ በነጥብ አይለዩም። የሚለዩት ቁጭ ብሎ በማነጋገር፣ ቤተሰቡን ለብቻ በመጠየቅ፣ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ በማየት ነው። የሌሊት ተራችን የነበረው ለዚህ ነው። ከወረዳ በሪፈር የሚላክልን ሰው ከገጠር ጤና ጣቢያ ተነሥቶ፣ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት አልፎ እኛ ዘንድ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ መሽቷል። በሥራ ሰዓት ብቻ የሚጠራ የአእምሮ ሕክምና ነርስ የሚደርሰው ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ ነው።

የማቆያ ክፍሏ ትንሽ ነበረች፤ ሁለት አልጋ ብቻ ነው የምትይዘው። ዋጋዋ ያለችበት ቦታ ነው። ነርሷ ካርድ እየጻፈች ቀና ስትል ሁለቱንም አልጋዎች ታያለች። ከክፍሏ ውስጥ ለጉዳት ሊውሉ የሚችሉ ዕቃዎችን ሁሉ አውጥተን፣ መስኮቷን አስጠብቀን፣ በሯን ከውጪ የሚከፈት አድርገን ነበር። አሁን ራሱን ለመጉዳት የሞከረ ሰው የሚተኛው በኮሪደሩ ጫፍ፣ ከዕቃ መደርደሪያው አጠገብ፣ ከማንም ዓይን ርቆ ነው። ለብቻ የማነጋገሪያ ቦታም ስለሌለ፣ ሰው የልቡን የሚነግረን ዐሥር አስታማሚ ጆሮውን ጥሎ እየሰማ ነው። በአንድ ጠባብ ከተማ ውስጥ፣ ሁሉም በሚተዋወቅበት አገር፣ ይህ ሰውን አፉን ማስዘጋት ነው።

ክፍሏ ከተወሰደች ወዲህ የመጣ ልማድም አለ፤ ማሰር ይባላል። አንዲት ወላድ፣ ከወለደች ገና ሁለት ወር ያልሞላት፣ እጅና እግሯ በነጠላ ተጠፍሮ ከአልጋ ጋር ታስራ አደረች። ያሰሯት የጥበቃ ሠራተኞች ናቸው፤ ሌላ የሚያደርጉትን ስላላወቁና የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ ነው። ሕፃኑ በአያቱ ክንድ ላይ ሆኖ ጡት እየፈለገ ሲያለቅስ ነበር። ሰውን ከሞት ለማዳን ብሎ እንዲህ ማዋረድ በወሎ ልማድም፣ በሙያችን ሥነ ምግባርም፣ በየትኛውም ሃይማኖት ተቀባይነት የለውም። ከዚያች ሴት አጠገብ አንዲት የሠለጠነች ሰው ወንበር ስባ ብትቀመጥ ኖሮ ገመድ አያስፈልግም ነበር።

ፖሊስን በሚመለከት ጉዳዩን በአጭሩ እንለፈው። ራሱን ለማጥፋት የሞከረ ሰው አልጋ አጠገብ ፖሊስ ቆሞ ቃል ሲቀበል የምናይበት ጊዜ አለ። በዚህ ፈርተው ሕክምናው ሳያልቅ ልጃቸውን ይዘው የጠፉ ቤተሰቦች አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሣሣን ወይም የረዳን ነው፤ ራሱን ለማጥፋት የሞከረውን ሰው ወንጀለኛ አያደርገውም። ይህን ለቤተሰቡ የሚነግር ሰው በበሩ ላይ ቢኖር ብዙ ሕሙማን አይጠፉም ነበር። ፖሊስ የሚያጣራው ነገር ካለው ሕመምተኛው እስኪያገግም ከክፍሉ ውጪ ሊጠብቅ ይችላል።

አሁን ስለ መሸኘት። ከሁሉ ይበልጥ ሰው የምናጣው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ራሳቸውን ጎድተው ሆስፒታል ከገቡ ሰዎች ከ100 ወደ 16 የሚጠጉት በአንድ ዓመት ውስጥ ድጋሚ ራሳቸውን እንደሚጎዱ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአንድ ላይ ተደምረው ያሳያሉ። ከሆስፒታል በወጡ የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት አደጋው ይበረታል። እኛ ግን የምንሸኛቸው በአንድ ወር ቀጠሮ ነው፤ አንዳንዴም ያለ ቀጠሮ። በብዛት ቢወሰድ አደገኛ የሆነ መድኃኒት የአንድ ወር ሙሉ በአንድ ከረጢት ይሰጣቸዋል፤ ለአምስት ወይም ለሰባት ቀን ብቻ ሰጥቶ መልሶ ማስመጣት እየተቻለ።

አንድ ወጣት ነበር፤ ትምህርቱን ካቋረጠ ወዲህ ከቤት አይወጣም። በሐሙስ ገበያ ቀን አጎቱ ይዘውት መጡ፤ ታከመ፤ ነጥቡ ዝቅተኛ ነው ተብሎ፣ ቀጠሮው ለሚቀጥለው ወር ተጽፎለት ወጣ። ቀጠሮው ሳይደርስ የሰፈሩ ቅሬ (እድር) ለቀብሩ ተጠራ። እኛ የሰማነው ሌላ ሕመምተኛ ይዘው ከመጡት አጎቱ ነው። በዚያ መካከል የደወለለት ሰው አልነበረም፤ የስልክ ቁጥሩ ግን ካርዱ ላይ ተጽፎ ነበር።

መደወል ለውጥ እንደሚያመጣ ደግሞ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪ ላንካ፣ በኢራንና በቻይና ድንገተኛ ክፍሎች ያስጠናው፣ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ የወጣ ጥናት አለ። ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የመጡ 1,867 ሰዎች ተካተውበታል። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና አገኙ። ለሌሎቹ ከመውጣታቸው በፊት የአንድ ሰዓት ያህል ምክር ተሰጣቸው፤ ከዚያም በ18 ወራት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም ቤት ድረስ በመሄድ «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» ተባሉ። በመጨረሻ ሲታይ ራሳቸውን በማጥፋት የሞቱት የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 2.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ከተደወለላቸው ግን 0.2 በመቶ ናቸው። ይህ በውድ መሣሪያ የተገኘ ውጤት አይደለም፤ አገሮቹም በጥናቱ ጊዜ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ነበሩ። የሚያስፈልገው አንድ ስልክ፣ አንድ መዝገብና የሚደውል ሰው ነው። ሰው መጠያየቅ፣ የታመመን መጎብኘት ለወሎ ሰው ማን ሊያስተምረው! ልማዱ ያለው በደጃችን ነው፤ የጎደለው በሆስፒታሉ ውስጥ ቦታ መስጠት ነው።

ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር ያለብን ነገርም በአስታማሚ ፎርም ተተክቷል። ፎርሙ በሚፈረምበት ደቂቃ ውስጥ «ፀረ ተባዩን ከቤት አውጥታችሁ ጎረቤት አስቀምጡ፤ መድኃኒቱን እናንተ ያዙ፤ እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ በማንኛውም ሰዓት ይዛችሁ ኑ» ብሎ መንገር ይቻል ነበር። ስሪ ላንካ ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እጅግ አደገኛ የሆኑትን ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ደረጃ በደረጃ ከገበያ በማስወጣቷ፣ በ20 ዓመት ውስጥ ራስን የማጥፋት መጠኗ በ70 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ የሰብል ምርቷ በዚህ ምክንያት አልወደቀም። የዚህ ምክንያቱ ለማንኛውም ሰው የሚገባ ነው። ጭንቀቱ የሚጠነክርበት ሰዓት ያልፋል፤ በዚያ ሰዓት እጁ ላይ የሚገድል ነገር ያላገኘ ሰው ይተርፋል፤ ከተረፉትም አብዛኞቹ በኋላ ራሳቸውን አያጠፉም። ኬሚካል ማገድ የሆስፒታላችን ሥልጣን አይደለም። ከአንድ ቤት ውስጥ ማስወጣት ግን በአንድ ጥሩ ምክር የሚፈጸም ነው።

በጀት የለም ለሚለው፣ ችግሩን እናውቀዋለን፤ አብረን የምንኖርበት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወሎ ሲያልፍ የጤና ተቋማት ምን እንደደረሰባቸው ያላየ የለም፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣልንም ሰው ሸክሙ ከብዷል። ነገር ግን ከምንጠይቀው ውስጥ አብዛኛው ግዢ የማያስፈልገው ነው። ለክፍሏ የሒሳብ ጠረጴዛውን ወደ ነበረበት መመለስ ይበቃል። ለፎርሙ መቅደድ ይበቃል።

የሃይማኖት አባቶችን በሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ቤተሰብ ከእኛ በፊትም በኋላም ወደ ጠበል፣ ወደ ወዳጃ (የዱዓ ጉባኤ)፣ ወደ ሼሁ ወይም ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል። አንቃወምም፤ እንዲያውም ሼሁም ቄሱም አብረውን ቢቆሙ ሕዝቡ ሕመሙን አይደብቅም። ጸሎቱና መድኃኒቱ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከእነርሱ አፍ ቢሰማ፣ «በስሕተት ጠጣች» የሚለው ቃል ከካርዳችን ላይ ይቀንስ ነበር። አስተዳደሩ አንድም ቀን ጠርቷቸው አያውቅም።

ይህን ደብዳቤ ከምታነቡት መካከል እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመላለስባችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩ፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋምም ኑ። የምንከራከረው በሩ ለእናንተ እንዲሰፋ ነውና ክርክራችንን አይታችሁ እንዳትቀሩ።

ክቡራንና ክቡራት፣ ጥያቄዎቻችን እነዚህ ናቸው።

የአስታማሚ የኃላፊነት ፎርም ዛሬውኑ ይሰረዝ። እስካሁን የተፈረሙትም ዋጋ እንደሌላቸው ለፈረሙት ቤተሰቦች፣ በተለይም ለአካለ መጠን ላልደረሱት፣ በቃል ይነገራቸው።

የሌሊት ተራው ይመለስ። ለሰባቱም ሌሊቶች የአእምሮ ሕክምና ነርስ ካልተገኘ፣ ከድንገተኛ ክፍል ነርሶች መካከል ፈቃደኛ የሆኑትን እኛው ራሳችን ለማሠልጠን ዝግጁ ነን፤ ለሥልጠናው ክፍያ አንጠይቅም። በሌሎቹ ሌሊቶች በስልክ የምንጠራበት ተራ በጽሑፍ ይውጣ።

የማቆያ ክፍሏ ትመለስ፤ አደጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ በውስጧ እስካለ ድረስ አንድ የሠለጠነ ሰው ከዓይኑ እንዳይለየው በመመሪያ ይጻፍ። በአጠገቧም ሕመምተኛን ለብቻ ማነጋገሪያ የሚሆን ቦታ በመጋረጃም ቢሆን ይከለል። የጥበቃ ሠራተኞች ሕመምተኛ እንዳያስሩ ይታዘዙ፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸውም ይሠልጥኑ።

የነጥብ ቅጹ ለማሰናበቻነት መዋሉ ይቁም። በእርሱ ፋንታ ስለ ሞት ሐሳብ የሚጠይቁ ጥቂት ግልጽ ጥያቄዎች በልየታ ካርዱ ላይ ይታተሙ። ማንም ራሱን ለመጉዳት የሞከረ ሰው አእምሮው ከጠራ በኋላ በሠለጠነ ባለሙያ ለብቻው ሳይነጋገር፣ ቤተሰቡም ሳይመከር እንዳይወጣ ይደረግ።

ለተሸኙት ሁሉ የመጀመሪያው ቀጠሮ በሰባት ቀን ውስጥ ይሁን፤ መድኃኒታቸው በአጭር ጊዜ መጠን ይሰጣቸው፤ ለክፍላችን አንድ ስልክና የመደወያ ካርድ ይመደብልን። መዝገቡን እኛ እንይዛለን፤ እኛ እንደውላለን። የቀረውን ሰው ቤቱ ድረስ ለመፈለግም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ከየሰፈሩ ቅሬ ጋር የምንነጋገርበት የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍልን።

ፖሊስ በሕክምና ላይ ያለን ሰው ቃል የሚቀበልበትን ሁኔታ አስተዳደሩ ከፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተነጋግሮ ይወስን።

ለቦርዱ ቀጣይ ስብሰባ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ተጠርተው እንዲያስረዱ፣ ውሳኔውም በጽሑፍ እንዲደርሰን እንጠይቃለን። እስከዚያው ድረስ ፎርሙን ለአስታማሚ ማቅረብ ማቆማችንን በዚህ ደብዳቤ እናሳውቃለን፤ በዚህ ምክንያት የሚመጣ ተጠያቂነት ካለም እንቀበላለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርሶች
የድንገተኛ ክፍል ነርሶች ተወካይ
የልየታ ክፍል ተረኛ ባለሙያዎች
ወሎ